ከድርብርብ ጨርቅና ከሬዚን የቢላዋ እጀታ አሠራር፦ ማብራሪያና የጥንቃቄ መረጃ

ይህ ማብራሪያ የተሰበረ የቢላዋ እጀታ በራሳቸው ለመተካት ለሚፈልጉ፣ እንዲሁም የእጀታ ሥራን በአነስተኛ ደረጃ የገቢ ምንጭ ለማድረግ ላሰቡ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። የሚመለከተው ተደራርቦ በሬዚን ከተጣበቀ ጨርቅ የሚሠራውን እጀታ ብቻ ሲሆን፣ የስለቱን አሠራርና አሞራረድ አይሸፍንም። ሬዚን ሲባል በፈሳሽነት ተገዝቶ ከማጠንከሪያ ጋር ሲደባለቅ ወደ ጠጣርነት የሚለወጥ ሰው ሠራሽ ሙጫ ማለት ነው። ለመንገድ ሥራ ከሚውለው ሬንጅ ጋር መምታታት የለበትም።

ሥራው የሚጠይቀው መሣሪያ ጥቂት በመሆኑ በማእድ ቤት ወይም በመኝታ ክፍል ጥግ ለመጀመር ይገፋፋል። ይህ ፈጽሞ አይመከርም። ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳን፣ የጠነከረው ሬዚን አቧራ ደግሞ ሳንባን ይጎዳል። በሚገባ ያልተጣበቀ እጀታም አጥንት በሚለይበት ወይም ሥጋ በሚቆረጥበት ቅጽበት ከብረቱ ሊላቀቅና የያዘውን እጅ ሊቆርጥ ይችላል። ስለሆነም አሠራሩና ጥንቃቄው ከዚህ በታች በየደረጃው አብረው ቀርበዋል።

ስለ ቁሱ ምንነት

በአገራችን የቢላዋ እጀታ በአብዛኛው ከእንጨት ወይም ከቀንድ ሲሠራ ቆይቷል። ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። ሆኖም እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በመጨረሻም እንደ አበቃቀሉ መስመር ይሰነጠቃል። ቀንድም ሲደርቅ ስለሚጣመም በእጀታውና በብረቱ መካከል ክፍተት ይፈጥራል፤ በክፍተቱም ስብና ደም ይገባበታል። የጨርቅ ክሮች በቁመትና በአግድም የተሸመኑ በመሆናቸው ድርብርቡ እንደ እንጨት በአንድ መስመር አይሰነጠቅም። ሬዚኑም በክሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ስለሚሞላ ውሃ በቀላሉ አይጠጣም። ይህ ሲባል ግን ጥሩ የወይራ እጀታ ያለው ሰው እንዲቀይረው የሚያስገድድ ምክንያት አለ ማለት አይደለም።

ቁሱ አዲስ ግኝት አይደለም። ትውልደ ቤልጂየማዊው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ በ1907 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቤክላይት የተባለውን ፊኖሊክ ሬዚን ከፈለሰፈ በኋላ፣ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ወረቀትና ጨርቅ በሬዚን ነክሮ በሙቀትና በከፍተኛ ግፊት በማጣበቅ ሚካርታ የሚል ስም ሰጠው። የመጀመሪያ አገልግሎቱ የኤሌክትሪክ ኃይልን መከላከል ነበር፤ ቆይቶ ለማሽን ማርሾች፣ ለአውሮፕላን ፕሮፔለርና ለቢላዋ እጀታ ዋለ። ዛሬ በቤት ውስጥ የሚሠራው የዚህ ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም። ፊኖሊክ ሬዚን ከፍተኛ ሙቀትና ግፊት የሚጠይቅ፣ ጎጂ የሆነ የፎርማልዲሃይድ ጋዝም ሊለቅ የሚችል በመሆኑ በቤት ውስጥ አይሞከርም። በምትኩ በክፍል ሙቀት የሚጠነክር ኢፖክሲ ጥቅም ላይ ይውላል። በዚህም ምክንያት የቤት ሥራው እጀታ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ ከፋብሪካው ያነሰ ነው። ይህ ልዩነት በአጠቃቀም ላይ የሚያስከትለው ነገር ስላለ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

የጨርቅ አመራረጥና ዝግጅት

ለእጀታ የሚሻለው ጥጥ ነው። ያረጀ የጂንስ ሱሪ፣ ሸራ፣ ካኪና አቡጀዲ ሁሉም ያገለግላሉ። ጆንያም ሻካራና ማራኪ መልክ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሽመናው ክፍት ስለሆነ ብዙ ሬዚን ይወስዳል። ሰው ሠራሽ ክር የበዛበት ጨርቅ ሬዚኑን በሚገባ አይጠጣም፣ ሲሞረድም ክሩ እየተቦጨቀ ይወጣል። የጨርቁ ዓይነት ካልታወቀ ጥቂት ክር መዝዞ ከሥራ ቦታው ርቆ በእሳት መሞከር ይቻላል፦ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሠራል።

አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ስታርች ተቀብቶ ስለሚወጣ፣ ያረጀ ልብስ ደግሞ ላብና ቅባት ስለሚይዝ፣ ሁለቱም በሙቅ ውሃና በሳሙና መታጠብ አለባቸው። የልብስ ማለስለሻ አይጨመርም፤ የሚተወው ቅባት ሬዚኑ ከክሩ ጋር እንዳይያያዝ ያደርጋል። ጨርቁ በፀሐይ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ሥራው ሊጀመር ሲል በካውያ ይተኮሳል። ይህም ጭርምታውን ከማስወገዱም በላይ ጥጥ ከአየር የሚስበውን እርጥበት ያወጣል። እርጥበት የቀረበት ጨርቅ ሬዚኑን ያደበዝዘዋል፣ ያደክመዋልም። ስፌት፣ ኪስና ቁልፍ ያለበት ክፍል ተቆርጦ ይጣላል።

የቀለም ምርጫ የባለሙያው ነው። ለምርጫው የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ ቁራጩን በውሃ ማራስ። ሬዚን የጠጣ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ከሚታየው ጥቁረት ጋር የሚቀራረብ መልክ ይዞ ይቀራል። ደማቅ ሰማያዊ ጂንስ ወደ ጥቁርነት ሲያደላ ያዩ ጀማሪዎች ሬዚኑ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ለአንድ መደበኛ የማእድ ቤት ቢላዋ ግራና ቀኝ የሚገጠሙ ሁለት የእጀታ ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ሁለቱም 15 በ10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ጠፍጣፋ ድርብርብ ይወጣሉ። በወፍራም ጂንስ 16 ያህል ንብብር ተጨምቆ ወደ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሰጣል። ቀጭን አቡጀዲ ከሆነ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ያስፈልጋል። የጨርቅ ውፍረት ስለሚለያይ አስተማማኙ መንገድ 10 ንብብር አጥብቆ ጨምቆ በማስመሪያ መለካት ነው።

ሬዚኑ

በብዛት የሚያጋጥሙት ኢፖክሲና ፖሊስተር ናቸው። ፖሊስተር ከፋይበር ግላስ ጋር ለውሃ ማጠራቀሚያና ለተሽከርካሪ አካል ጥገና የሚውለው፣ ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም ሲጠነክር ከኢፖክሲ የበለጠ ይኮማተራል፣ ብረትንም እንደ ኢፖክሲ አይዝም። ትነቱ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ሲሆን፣ በጠብታ የሚጨመረው ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ለዓይነ ስውርነት ሊዳርግ ይችላል። በእነዚህ ምክንያቶች ለጀማሪ የሚመከረው ኢፖክሲ ነው።

የኢፖክሲ ሬዚንና ማጠንከሪያ የሚደባለቁበት መጠን በአምራቹ የተወሰነ ነው፤ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። አንዳንዱ በክብደት፣ ሌላው በመስፈሪያ ይገለጻል፤ ሁለቱ ደግሞ አይተካኩም። ማጠንከሪያ ማብዛት ሥራውን ያፋጥናል የሚለው እምነት ከፖሊስተር አሠራር የመጣ ሲሆን ለኢፖክሲ አይሠራም። በኢፖክሲ ከልክ ያለፈው ማጠንከሪያ የሚዋሐደው ሬዚን ስለማያገኝ ድርብርቡ ለስላሳና ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ በግራም የሚለካ ሚዛን ከመጋዝ ቀድሞ ሊገዛ የሚገባው መሣሪያ ነው። ያለ መለያ ጽሑፍ በተቀዳ ዕቃ የሚሸጥ ሬዚን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መጠኑን ማወቅ ስለማይቻል መግዛት አይገባም።

ከላይ ለተጠቀሰው 15 በ10 ሴንቲ ሜትር የጂንስ ድርብርብ ጨርቁ ራሱ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሬዚኑና ማጠንከሪያው አንድ ላይ ከዚያው ጋር የሚስተካከል ወይም ጥቂት የሚበልጥ፣ ማለትም ከ100 እስከ 120 ግራም ይዘጋጃል። የተደባለቀ ኢፖክሲ በሚጠነክርበት ጊዜ ሙቀት ያመነጫል። በጠባብና ጥልቅ ኩባያ ውስጥ ከቆየ ሙቀቱ መውጫ በማጣት ሊያጨስና ኩባያውን ሊያቀልጥ ይችላል። በመሆኑም ተደባልቆ እንዳበቃ ወደ ሰፊና ዝቅተኛ ትሪ ይገለበጣል። ማጨስ የጀመረ ኩባያ ካለ በጥንቃቄ ወደ ውጭ ወጥቶ በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ ይቀመጣል፣ ጢሱም አይተነፈስም።

ስለ ቆዳ ጥንቃቄ ጠበቅ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ያልጠነከረ ኢፖክሲ በተደጋጋሚ የነካው ቆዳ አለርጂ ሊያዳብር ይችላል። ይህ አለርጂ አንዴ ከተፈጠረ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ጠብታ እንኳ የእጅና የፊት ሽፍታ፣ ማሳከክና እብጠት ያስከትላል። ሙያውን ለመኖሪያው የያዘ ሰው በዚህ ምክንያት ሙያውን ጨርሶ ሊተው ይገደዳል። የናይትራይል ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የዓይን መከላከያ መነጽር ሬዚኑ ከመከፈቱ በፊት ይለበሳሉ። ጓንቱ ሲበከል ይቀየራል። ሬዚን ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። በቲነር ወይም በአሴቶን ማጽዳት የተለመደ ቢሆንም ኬሚካሉን ወደ ቆዳ ስለሚያሰርጸው ጉዳቱን ያባብሳል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠቡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ሬዚንና ማጠንከሪያ በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጡም። መልካቸው ውሃ፣ ዘይት ወይም ማር ሊመስል ስለሚችል ሕፃን ወይም እንግዳ ሊጠጣቸው ይችላል። በመጀመሪያ ዕቃቸው፣ ከነመለያ ጽሑፋቸው፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቆለፍባቸዋል።

ድርብርቡን መሥራት

መጭመቂያውን መግዛት አያስፈልግም። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ከጨርቁ በየአቅጣጫው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፈው ተቆርጠው፣ ዳር ዳራቸው ተበስቶ በአራት ወይም በስድስት ብሎኖች እንዲጠብቁ ይደረጋል። ኢፖክሲ ከላስቲክ ጋር ስለማይጣበቅ ሁለቱም ሰሌዳዎች በውስጥ በኩል በወፍራም ላስቲክ ይሸፈናሉ። ሽፋኑ የተረሳ እንደሆነ ሰሌዳውና ጨርቁ አንድ አካል ይሆናሉ።

እያንዳንዱ ቁራጭ በትሪው ውስጥ ለብቻው ይነከራል። በሁለቱም ገጹ ሬዚን ጠጥቶ ነጣ ያለ ደረቅ ነጥብ እስከማይታይበት ድረስ በማያገለግል ካርድ ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በሌላው ላይ ይነባበራል። ደረቅ ጨርቅ ደርድሮ ከላይ ሬዚን ማፍሰስና ግፊቱ ወደ ውስጥ ይገፋዋል ብሎ ማመን የአብዛኛው ውድቀት መነሻ ነው። ግፊት ሬዚንን ወደ ዳር ያስወጣል እንጂ ወደ መሃል አያስገባም። ልቡ የደረቀ ድርብርብ ከውጭ ሲታይ እንከን የለሽ ሊመስል ይችላል፤ ችግሩ የሚገለጠው ተቆርጦ ወይም ተበስቶ እንደ መጽሐፍ ገጽ ሲለያይ ነው።

ብሎኖቹ በአንድ ጊዜ አይጠብቁም። በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት እየጠበቁ አረፋና ትርፍ ሬዚን በአራቱም ጎን እንዲወጣ አሥር ደቂቃ ያህል ይሰጠዋል፤ ከዚያም ይደገማል። ንብብሮቹ በዚህ ጊዜ የመንሸራተት ባሕርይ ስላላቸው ዳር ዳሩን መከታተል ያስፈልጋል። እጅግ አጥብቆ ሬዚኑን ጨርሶ ማስወጣትም ጉዳት አለው፤ ከዳር የሚወጣው ሬዚን አረፋ አልባ ከሆነ ማጥበቁ በቂ ነው።

አየር ንብረቱ ሥራውን ይወስናል። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጨመረ ቁጥር የመሥሪያው ጊዜ በግምት በግማሽ ያጥራል፤ በቆላ አካባቢ ሥራው በማለዳ ቢከናወን ይመረጣል። በደጋ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል መጠንከሩ ይጓተታል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰም የመሰለ የሚያሟልጭ ሽፋን ይወጣበታል። ሽፋኑ ከመሞረዱ በፊት በሞቀ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይወገዳል። ለማፋጠን ሲባል ድርብርቡን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ የእሳት አደጋ ያስከትላል። በቤት ውስጥ ሞቃት በሆነው፣ ሰው በማያድርበት ክፍል ማቆየት በቂ ነው።

ከ24 ሰዓት በኋላ ከመጭመቂያው ሊወጣ ይችላል። ሆኖም በብዙዎቹ ኢፖክሲዎች ሙሉ ጥንካሬው የሚገኘው ከሰባት ቀን ገደማ በኋላ ነው። ደንበኛ ቢያስቸኩልም ይህ ጊዜ መጠበቅ አለበት፤ በከፊል የጠነከረ ሬዚን አቧራ ቀደም ሲል የተገለጸውን አለርጂ ያስከትላልና።

መቁረጥ፣ መሞረድና አቧራ

በመጀመሪያ ከአራቱም ዳር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በብረት መጋዝ ተቆርጦ ልቡ ይመረመራል። ቁርጡ ወጥ መልክ ያለው፣ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ መሆን አለበት። ደረቅ መስመር ወይም የታፈነ ድምፅ ያለው ድርብርብ ለቢላዋ አይውልም። ለመሳቢያ መያዣ ወይም ለቁልፍ ማንጠልጠያ ሊያገለግል ይችላል።

መጋዝና ሞረድ ከግራይንደር ይልቅ ይመረጣሉ፤ ሥራው ቢዘገይም የሚያነሱት አቧራ ያነሰ ነው። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ብርጭቆ ወረቀቱ በውሃ እየራሰ ይታሻል፤ አቧራው በጭቃ መልክ ይቀራል። በደረቁ መሥራት ግድ ከሆነ ከቤት ውጭ፣ ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራ የመተንፈሻ ጭምብል ተደርጎ ነው። ተራ የጨርቅ መሸፈኛ ለዚህ በቂ አይደለም። የሥራ ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብም።

ከ80 ቁጥር ተጀምሮ በ120 እና በ240 ይለሰልሳል። ከዚያ በላይ ማንጸባረቅ ለዓይን ቢያምርም ቅባትና ውሃ በነካው እጅ የሚያንሸራትት እጀታ ስለሚፈጥር፣ ለሥራ ቢላዋ በ240 ማቆም የተሻለ ነው።

እጀታውን ከብረቱ ጋር ማያያዝ

ከስለቱ ቀጥሎ ወደ እጀታው የሚዘልቀው የብረት ክፍል ከዚህ በታች ጭራ ይባላል። አሮጌ ቢላዋ ሲታደስ ጭራው ላይ ያሉት የቀድሞ ቀዳዳዎች ያገለግላሉ። ጭራው ቀዳዳ የሌለውና የተነደደ ብረት ከሆነ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም፤ በጉልበት ከመሞከር የብረት ሥራ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ከማንኛውም ሥራ በፊት ስለቱ በካርቶንና በፕላስተር በደንብ ይሸፈናል።

ሁለቱ ቁራጮች በውስጥ ገጻቸው ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለባቸው። ይህን ለማግኘት ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግቶ ማሸት ይቻላል። ወደ ስለቱ የሚያየው የእጀታው ጫፍ ከመጣበቁ በፊት ቅርጹና ልስላሴው መጠናቀቅ እንዳለበት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከተጣበቀ በኋላ ስለቱን ሳይጭሩ እዚያ መድረስ አይቻልም። ጭራውና የቁራጮቹ ውስጥ ገጽ በ80 ቁጥር ተሸክረው በአልኮል ይጸዳሉ፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነኩም። ኢፖክሲ ተቀብቶ፣ የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ዘንግ በቀዳዳዎቹ አልፎ፣ በሞርሳ ለዘብ ባለ ግፊት ይያዛል። እዚህ ላይ አጥብቆ መጭመቅ ሙጫውን ጨርሶ አውጥቶ ባዶ ብረት ከባዶ እጀታ ጋር እንዲገናኝ ያደርጋል። ሙጫ ብቻውን ያለ ዘንግ፣ ዘንግም ብቻውን ያለ ሙጫ በቂ አይደለም። ዘንጉ ጎን ለጎን የሚመጣውን ኃይል ይሸከማል፤ ሙጫው ውሃንና ስብን ይዘጋል።

የዘንጎቹ ጫፍ ሲሞረድ ብረቱ ይግላል። ጣት ሊነካው የማይችለው ሙቀት ከዘንጉ ዙሪያ ያለውን ሙጫ ያለሰልሳልና በየጊዜው በውሃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

አጠቃቀም፣ ቅሪትና ሽያጭ

ተራ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት እጀታ ያለው ቢላዋ በፈላ ውሃ አይነከርም፣ በምድጃ ዳር አይቀመጥም፣ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን አይታጠብም። በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ቢላዎችን በፈላ ውሃ የሚያጸዱ ምግብ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች ይህን ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል፤ ሻጩም የመናገር ኃላፊነት አለበት። ለምግብ ንክኪ ተብሎ ካልተመረተ ሬዚን ማንኪያ፣ ኩባያ ወይም መክተፊያ መሥራት ተገቢ አይደለም።

ትርፍ ሬዚን ወደ ፍሳሽ ወይም ወደ ወንዝ አይደፋም። በትንሽ በትንሹ ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ ጠጣር ከሆነ በኋላ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገዳል። የድርብርብ ቁርጥራጭ እንደ ማገዶ አይቃጠልም።

ሥራውን በንግድ መልክ ማካሄድ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008፣ ከነማሻሻያው፣ መሠረት መመዝገብና ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅባቸዋል። የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ዝርዝር በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ከሚገኘው የአገልግሎት መስጫ መጠየቅ ይቻላል። በአቅራቢያ የሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ ሥልጠና ስለሚሰጡ፣ መሣሪያ የመያዝ ልምድ የሌለው ሰው ከዚያ ቢጀምር ይመከራል። ሠራተኛ የሚቀጥር ባለሙያ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ጓንት፣ መነጽርና የመተንፈሻ ጭምብል የማቅረብ ግዴታ አለበት። በዚሁ አዋጅ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶችም ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ አይሰማሩም። ሬዚን ማደባለቅና ድርብርብ መሞረድ በዚህ ዓይን መታየት አለባቸው፤ ጨርቅ ማጠብ፣ መተኮስና መቁረጥ ግን ከዚህ ተለይቶ ሬዚኑ ከሚቀመጥበት ክፍል ውጭ ሊሠራ ይችላል።